ከመጠምጠም መለካት ይቅደም

ቆቃ ውሃ ዳር የደረስኩት ጎሕ ሲቀድ ነው። ከአዳማ በሌሊት ነበር የተነሣሁት። በእጄ የያዝኩት ውጭ አገር ያለ ዘመዴ የላከልኝን አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፤ ከነማጠንጠኛው፣ ከነክሩ። ማጠንጠኛ ያልኩት ሪል የሚባለውን፣ ክሩ የሚጠመጠምበትንና በእጀታ የሚዞረውን ዕቃ ነው። ሌሊቱን ስነካካው ስላደርኩ ሁሉን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ተቀምጠዋል። ዘንግ የላቸውም፤ ማጠንጠኛም የላቸውም። የናይሎን ክራቸውን የጠመጠሙት በባዶ ሃይላንድ ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ላይ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠች ቁራጭ ቆዳ አስረዋል። "እንዴት አደሩ አባቴ?" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ና ተቀመጥ ልጄ" ብለው ጠጋ አሉልኝ።

መጀመሪያ የነከሰው የእኔን ነው። ዘንጉ ጎበጠ፣ ልቤ ድው ድው አለ። እንዳያመልጠኝ ስለፈራሁ የማጠንጠኛውን ፍሬን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። ውሃ ውስጥ ያለው አምባዛ አንዴ ብቻ ጅራቱን ወዘወዘ። ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ዘንጉ ቀና አለ፣ እኔም የላላ ክር ይዤ ቀረሁ።

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ቆየት ብሎ የእሳቸው ክር ተወጠረ። አልጎተቱም። ሃይላንዱ በመዳፋቸው ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ለቀቁለት፤ ቆዳ የታሰረበት አውራ ጣታቸው ግን ከክሩ ላይ አልተነሣም። ዓሣው እንዲሄድ ፈቀዱለት፣ በነጻ እንዲሄድ ግን አልፈቀዱለትም። ሄደ፣ ደከመው፣ ቆመ። ሲቆም ሰበሰቡ። ደግሞ ተነሥቶ ሄደ፣ ደግሞ ለቀቁለት። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ ትልቅ አምባዛ ጭቃው ላይ ተጋደመ።

"ፍሬኑን የት ላይ ነበር ያደረግከው?" አሉኝ ያን ጊዜ።

"መጨረሻው ላይ ነው አባቴ።"

"መቼ?"

"ዓሣው ከያዘ በኋላ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከያዘ በኋላማ ምን ጊዜ አለህ? ስንት እንደምትለቅለት ቀድመህ ካልወሰንክ እሱ ይወስንልሃል።"

ስለ ጽናት ሲነገረን የኖረው "ያዝ፣ አትልቀቅ፣ ጥርስህን ንከስ" የሚል ነው። እውነት አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው። ከዚያ ማለዳ በኋላ ስለ ማጠንጠኛ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ለካሁ። እያደር ያወቅሁት ነገር ከዓሣ ማጥመድ አልፎ የምኖርበትን መንገድ ስለቀየረው ዛሬ ሳልሰስት ላካፍላችሁ።

አዳማ የሹፌር ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር የሚጓዘው ከባድ መኪና መንገዱ በእሷ ነው። ስለዚህ በመኪና ቋንቋ ላስረዳ። ፍሪሲዮን የሚያውቅ ሰው የማጠንጠኛን ፍሬን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ክሩ የተጠመጠመበት ጥቅል ከሥሩ ወይም ከላዩ ተደራርበው የተቀመጡ ትናንሽ ክብ ሳህኖች አሉት። አንዱ ብረት ነው፣ ቀጣዩ ሸራ ነው፤ ሸራው እንደ ዕቃው ዓይነት ከተጠቀጠቀ ሱፍ፣ ከቆዳ ወይም ከካርቦን ይሠራል። የፍሬኑን መዘውር ስታጠብቁ ሞላ ሳህኖቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ዓሣው የሚስበው ኃይል እናንተ ከወሰናችሁት በታች ከሆነ ጥቅሉ አይነቃነቅም። ያለፈ እንደሆነ ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ጥቅሉ ይዞራል፣ ክሩ ይለቀቃል። በሚለቀቅበት ጊዜም ያው ኃይል ዓሣውን ወደ ኋላ እየጎተተው ነው። እያንዳንዱን ሜትር የሚወስደው ጉልበቱን እየከፈለ ነው ማለት ነው። የሽማግሌው አውራ ጣት የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እንዲያውም ዓለም ሁሉ ከእሳቸው አውራ ጣት ነው የጀመረው። ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በአሜሪካ ትልልቅ የባሕር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ማጠንጠኛቸው ፍሬን አልነበረውም። ክሩን የሚይዙት ቁራጭ ቆዳ በአውራ ጣት ተጭነው ነበር። ዓሣው በኃይል ሲሮጥ እጀታው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የእጃቸውን አንጓ ይመታቸው፣ ጣታቸውንም ይሰብር ነበር። ዊልያም ቦሽን የሚባል አጥማጅ ፍሬኑ በሆዱ ውስጥ የሆነ ማጠንጠኛ እንዲሠራ ከባለሙያዎች ጋር ደከመ፤ በ1913 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ካታሊና ደሴት አጠገብ በዘንግና በማጠንጠኛ ሰይፍ ዓሣ ለመያዝ የበቃውም በዚያ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ዓሣ በዘንግ የያዘ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ለውጥ ያመጣው ልኩ አስቀድሞ የሚወሰንበት መንገድ መገኘቱ ነው።

እንግዲህ ልኩ ስንት ነው? አጥማጆች የሚስማሙበት መነሻ አለ፤ ክሩ ከሚበጠስበት ኃይል ከሩብ እስከ ሲሶ። ክራችሁ 8 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ በ2 ኪሎ፣ ቢበዛ በ2 ኪሎ ከ700 ግራም ላይ መንሸራተት መጀመር አለበት። መጀመሪያ ስሰማው ማባከን መሰለኝ። 8 የሚችለውን ለምን በ2 ላይ አቆመዋለሁ? መልሱ ግን ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 8 ኪሎ የተለካው ቀጥ ብሎ፣ ቋጠሮ ሳይኖረው፣ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ነው። መንጠቆውን ስታስሩበት ቋጠሮው ከጥንካሬው ይቀንሳል። ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ በቀለበቶቹ ላይ ስለሚታሽ ጭነት ይጨመራል። ሃምሳ ሜትር ክር ውሃ ውስጥ ሲጎተት ውሃው ራሱ ይስበዋል። ዓሣው ድንገት ሲፈናጠርማ ሌላ ነው። ወረቀት ላይ ያለው 8 ውሃ ውስጥ 8 አይደለም።

አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ዱቤ ሲሰጡ ሳያቸው ሁሌ ይገርሙኛል። ቸር ናቸው፣ ግን ሱቃቸው አይጎድልም። ምሥጢሩን ጠየቅኋቸው። "የኔ ልጅ፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ከሩቡ በላይ በዱቤ ደብተር ላይ አይገኝም" አሉኝ። "ይህን የወሰንኩት ሱቁን በከፈትኩበት ቀን ነው እንጂ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ አይደለም። ሰው ፊትህ ቆሞ ሲለምንህማ ወይ ሁሉን ትሰጣለህ፣ ወይ ትቆጣለህ።" ዘንግ ይዘው አያውቁም። እዚያው ሩብ ላይ መድረሳቸው ግን አስደነቀኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ዓሣው ከያዘ በኋላ ፍሬን የሚነካካ እጅ ሁልጊዜ ወደ ማጥበቅ ነው የሚሄደው፤ ፍርሃት ማላላት አያውቅም። ስለዚህ ውሳኔው በጸጥታው ሰዓት ይደረግ። ዋስ ሁን የሚል ሰው ገና ሳይመጣ እስከ ስንት ዋስ እንደምትሆኑ ዛሬ ማታ ወስኑ። ከወንድማችሁ ጋር ስለ ውርስ ከመነጋገራችሁ በፊት የትኛውን እንደምትተዉለት፣ የትኛውን እንደማትተዉ ለራሳችሁ ጻፉ። አለቃችሁ ተጨማሪ ሥራ ይዞ በር ላይ ሳይቆም በሳምንት ስንት ማታ ለቤተሰባችሁ እንደሆነ ቁጥሩን እወቁት። ቁጥር ያለው ሰው "እሺ" ሲል በደስታ፣ "ይቅርታ" ሲልም በፍቅር ነው የሚለው።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ ሞላ የእጅ ሚዛን ካላችሁ ክሩን ከጫፉ እሰሩበትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ጥቅሉ ሲዞር የምታነቡት ቁጥር የፍሬናችሁ ልክ ነው። ሚዛን ከሌለ ባለ 2 ሊትር የውሃ ሃይላንድ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሃይላንዱ ሲሞላ 2 ኪሎ ነው። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ሳታሳልፉ በቀጥታ ከማጠንጠኛው አውጥታችሁ አንገቱ ላይ እሰሩት፤ ከዚያ ማጠንጠኛውን ወደ ላይ አንሡ። ሃይላንዱ ከመሬት ተነሥቶ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ፍሬኑ ጠብቋል። ንቅንቅ ሳይል ክሩ ብቻ ከተለቀቀ ላልቷል። ጥቂት ተነሥቶ እያዘገመ ወደ መሬት ሲመለስ፣ ያ ነው ልኩ።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ፍሬኑ ሲነሣና ሲሄድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዳንዱ ፍሬን መጀመሪያ እንቢ ብሎ ይነክስና ኋላ ባንዴ ይለቃል፤ ሳህኖቹ ቆሽሸዋል ወይም ተጣብቀዋል ማለት ነው። ክር የሚበጠሰው በአብዛኛው በዚያች በመጀመሪያዋ ንክሻ ነው። ልጅ አንድ ነገር ሲጠይቀን መጀመሪያ በጩኸት "አይሆንም" ብለን ኋላ ሁሉን የምንፈቅድለት ወላጆች ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን። ሁለት ኪሎ ከሆነ ከመነሻው ሁለት ኪሎ ይሁን።

አሁን ወደ ጥቅሉ እንምጣ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ታገሡኝ።

ሸማኔ ቀሰሙ ላይ ስንት ክር እንደሚይዝ በዓይኑ ያውቃል። ከልክ ካለፈ መወርወሪያው ውስጥ ይታነቃል፤ ካነሰ ሥራው በየመሀሉ ይቋረጣል። የማጠንጠኛ ጥቅልም እንዲሁ ነው። እስከ ከንፈሩ ከሞላ ስትወረውሩ ክሩ በእፍኝ እፍኝ እየወደቀ ይተበተባል። ግማሽ ብቻ ከሆነ የጥቅሉን ከንፈር እያሸ ስለሚወጣ ውርወራው አጭር ይሆናል። ከከንፈሩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

ስንት ሜትር ይይዛል? አብዛኛው ጥቅል ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ ማስመሪያ አንሡ። የእኔ ጥቅል ሲሞላ ዲያሜትሩ 46 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባዶ ግንዱ 30፣ ክሩ የሚተኛበት ወርድ 15። 46ን በራሱ ሳባዛው 2,116፣ 30ን በራሱ 900፤ ሲቀነስ 1,216 ይቀራል። ይህን በወርዱ በ15 አባዛሁት፣ 18,240 ሆነ። ነገሩ ክብ ስለሆነ በ0.785 ሲባዛ 14,318 ገደማ ይመጣል። ክሬ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው 0.35 በራሱ ተባዝቶ 0.1225 ነው፤ በእሱ ስናካፍል 117 ሜትር አካባቢ እናገኛለን። አጠማጠሙ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ቁጥሩ ጥቂት ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ለመነሻ ግን አያሳስትም።

ልብ በሉ፣ ያካፈልነው በውፍረቱ አይደለም። በውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። የክሩን ውፍረት እጥፍ ብታደርጉት፣ 0.70 ብታደርጉት፣ የሚይዘው ግማሽ አይሆንም። ሩብ ይሆናል፤ 29 ሜትር። ይህን ባሰላሁበት ማታ ደብተሩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት የያዝኩትን ሥራ ሁሉ አስታወስኩ። አንዱን ነገር እጥፍ ሳከብደው ሌላው በግማሽ ብቻ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር የምኖረው። አንድ ፈተና አለኝና ለልጄ የምሰጠው ጊዜ በትንሹ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ያገኘሁት ሩቡን ነው።

ግን ተስፋ የሚሰጠውም ስሌት ይኸው ራሱ ነው። ክሩን ስታቀጥኑት ርዝመቱ በዚያው ፍጥነት ይጨምራል። ዛሬ የተገመደ ክር የሚባል አለ፤ ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ተጎንጉነው የሚሠራ ነው። 0.20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከእኔ 0.35 ናይሎን ጋር በጥንካሬ ይተካከላል፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ያ 117 ሜትር የያዘ ጥቅል ከእሱ 358 ሜትር ይይዛል! ጥቅሉ አልተለወጠም፤ ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጭረቶቹ መደጋገፋቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ስንሰማ ያደግነው ነገር በሚሊ ሜትር ተለክቶ እነሆ። አዳማ ውስጥ አምስት ሆነው አንድ ጋራዥ የከፈቱ ወጣቶች አውቃለሁ። አንዱ ብቻውን ይህን ሸክም ቢይዝ ኖሮ ወፍራም ክር ይሆንበት ነበር፤ በሁለተኛው ወር ጥቅሉ ያልቅበት ነበር። አሁን አንዱ ሲታመም አራቱ ይይዛሉ። ብቻህን ወፍራም ከመሆን ተጎንጉነህ ቀጭን መሆን ይሻላል እላለሁ፣ ከልቤ።

ስንት ሜትር ይበቃል የሚለው እንደ ውሃውና እንደ ዓሣው ነው። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አሥር ሜትር አይደርስም፤ እዚያ ክር የሚያስፈልገው ለጥልቀቱ ሳይሆን ለሩጫው ነው። ላንጋኖ ግን አርባ ሜትርን የሚያልፍ ጥልቀት አለው። ለቆሮሶ ቀጭን ክር ይበቃል። አምባዛ አሥር ኪሎንም የሚያልፍ ዓሣ ነውና ወፈር ይበል። ጫሞ ወርዳችሁ መቶ ኪሎን ሊያልፍ ከሚችለው ናይል ፐርች ጋር መጋጠም ካሰባችሁማ ዕቃው ሁሉ ሌላ ነው። የሌላ ሰው ጥቅል ላይ ያለውን ቁጥር አትቅዱ፤ የእሱ ዓሣ የእናንተ አይደለም።

ስለ አጠማጠሙም አንድ ነገር ልበል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ስለ ካህን ጥምጥም የተነገረ ነው፤ ለዚህ ለክሩ ጥምጥም ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ክሩን ስትጠመጥሙ እርጥብ ጨርቅ በጣቶቻችሁ ይዛችሁ በመሀሉ አሳልፉት፣ ጠበቅ ብሎ ይግባ። ላልቶ ከተጠመጠመ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ሲወረወርም ለጊዜው ይሠራል። ትልቁ ዓሣ በሳበ ቀን ግን የላይኛው ክር ላልቶ በተኛው በታችኛው ውስጥ ሰምጦ ይያዛል፣ አልለቅም ይላል፣ ይበጠሳል። ለፈተና ሲባል በሽምደዳ ያለፍነው ትምህርት፣ ሳይገባን የፈረምነው ውል፣ ሳንለማመድ የያዝነው መንጃ ፈቃድ ሁሉ እንዲህ ነው። ቀስ ብለው ጠበቅ አድርገው የጠመጠሙት ግን የትኛውም ዓሣ ቢመጣ በሥርዓቱ ይወጣል። ዛሬ ማንም ሳያያችሁ ደብተር ላይ አጎንብሳችሁ የምታጠኑ ልጆች፣ እየጠመጠማችሁ ነው። በርቱ።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ነገር ሌላ ነው። ጥቅሉን ሞልቼ ፍሬኑን በ2 ኪሎ አስተካከልኩት፣ ከዚያ ክሩን እያወጣሁ ደግሜ ለካሁት። ግማሹ ሲወጣ ሚዛኑ ከ2 ኪሎ ከ300 ግራም በላይ አነበበ። ግንዱ ሊታይ ሲቃረብ 3 ኪሎ ደረሰ። መዘውሯን አልነካኋትም! ምክንያቱ ይህ ነው፤ ክሩ ሲወጣ ጥቅሉ ይቀጥናል። የሳህኖቹ ግጭት አይለወጥም፣ ግን ክሩ ጥቅሉን የሚያዞርበት ክንድ ያጥራል፤ ስለዚህ ያንኑ ጥቅል ለማዞር ዓሣው የበለጠ መሳብ አለበት። ከ46 ወደ 30 ሲወርድ ኃይሉ በአንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል። በፍርሃት 5 ኪሎ ላይ የተጠበቀ ፍሬን ክሩ ሲያልቅ ከ7 ኪሎ ተኩል ያልፋል። የቋጠሮውን ድካምና የቀለበቶቹን መታሸት ስትጨምሩበት ያ 8 ኪሎ ክር በቃው።

ያን የሚዛን ቁጥር ሳነብ ያለፈ አንድ ዓመቴ ተገለጠልኝ። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ የግል ሥራ ነበረኝ። በመስከረም ታናሽ ወንድሜ ገንዘብ አበድረኝ ብሎ ሲመጣ ስቄ፣ ቡና ጋብዤ፣ ያለኝን ሰጥቼ ሸኘሁት። በግንቦት ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅ፣ ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ጠየቀኝ። የመለስኩለትን ቃል እዚህ መጻፍ አልፈልግም። አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። ብዙ ጊዜ እሱ እንደተለወጠ አስብ ነበር። አልተለወጠም። ጥያቄውም አልከበደም። ጥቅሌ ቀጥኖ ነበር፤ ያው ሁለት ኪሎ ሦስት ሆኖብኝ ነበር።

አዋቂ አጥማጆች ክሩ ብዙ ሲወጣ ፍሬኑን አያጠብቁም፤ እንዲያውም ጥቂት ያላሉታል። ውስጣችን "እያለቀ ነው፣ አጥብቅ!" ብሎ በሚጮህበት ሰዓት ትክክለኛው ሥራ የዚያ ተቃራኒ ነው። በሰኔ ወር የደከመ መምህር፣ የሌሊት ፈረቃ የምትጨርስ ነርስ፣ ከጅቡቲ ተመላሽ ሹፌር፣ ምሽት ላይ ልጆች ከበው የሚጮሁባት እናት፣ በዚያች ሰዓት ለራሳችሁም ለሌላውም ላላ በሉ። ከባድ ንግግሩ ለነገ ይደር። ወንድሜን ይቅርታ የጠየቅሁት ይህ ከገባኝ በኋላ ነው፤ በነጋታው ቡና አብረን ጠጣን።

ልክን አስቀድሞ መወሰን የማጠንጠኛ ነገር ብቻ አይደለም። በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ሁላችንም እናያቸዋለን። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ምላጮቹ ጠርዛቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ያሳልፉታል፤ ግንቡ አይወድቅም፣ ሲበርድም ተመልሰው ይሠራሉ። የሠሯቸው መሐንዲሶች የማሳለፉን ልክ የወሰኑት ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ነው።

ዕቃውን ስታስቀምጡ ደግሞ መዘውሯን አላሏት። ሳህኖቹ ተጣብቀው ወራት ከቆዩ ሸራው ተጠፍጥፎ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ መንከስና መልቀቅ ይጀምራል። ከውሃ ስትመለሱ ማላላት፣ ስትወጡ እንደገና መለካት ነው። እኔ አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ዘግቼ እተኛለሁ። ለረጅም ጊዜ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ወደ ቆቃ ተመለስኩ። ዋዜማውን ሃይላንዱን ሞልቼ በረንዳ ላይ ለክቼ ነበር የወጣሁት። ሽማግሌው በዚያችው ቦታ፣ ቆዳቸውን አውራ ጣታቸው ላይ አስረው ተቀምጠዋል። ከተሳለምን በኋላ ዘንጉን ተቀበሉኝና የክሩን ጫፍ ሁለት ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ቀስ አድርገው ሳቡት። ማጠንጠኛው ቲክ ቲክ እያለ አንድ ክንድ ያህል ለቀቀላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ሳቡ።

"ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?"

"ዓሣው ሲወስድ ይነግረኛል አባቴ።"

"ስንት ላይ ነው ያደረግከው?"

"ሁለት ኪሎ። ትናንት ማታ ነው የለካሁት።"

ዘንጉን መለሱልኝና በአገጫቸው ደንገሉ ወደሚያልቅበት ጥቁር ውሃ አመለከቱኝ። "እንግዲያው ወርውር፤ ትልቁ ያለው እዚያ ጋ ነው።"